ስለ ድልድይ ሥራና ስለ ድልድይ ጥበቃ፤ ለወልድያ፥ ለመርሳና ለሀብሩ መምህራንና ሽማግሎች የተነገረ ቃል



የሰሜን ወሎ ደጋ ውሃ ለሦስት የሚካፈልበት አገር ነው። በዋድላና በደላንታ የዘነመው ዝናም በጅጣና በበሽሎ ሸለቆ ወርዶ ከዐባይ ይገናኛል። በላስታ በኩል የሚፈልቀው ተከዜ ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ ዞሮ ወደ ሱዳን ይሄዳል። ከወልድያና ከመርሳ በላይ ካሉት ተራሮች የሚወርደው ውሃ ግን ወደ ምሥራቅ፥ ወደ አፋር ቆላ ይፈሳል፤ ሚሌም በዚያ ከዐዋሽ ጋራ ይቀላቀላል። ሀብሩ በሁለት ወንዞች መካከል የተቀመጠ አገር ነው፤ በደቡብ ሚሌ፥ በሰሜን አላውሃ ያዋስኑታል። ስለዚህ የሀብሩ ሰው ወደ ደሴ ቢወጣም፥ ወደ ቆቦ ቢወርድም፥ ወንዝ ሳይሻገር ካሰበበት አይደርስም።

በበጋ ይህ ነገር አይታወቅም። ወንዙ ቀጥኖ በአሸዋው መካከል ይንሿለላል፤ ልጅም በድንጋይ ላይ እየዘለለ ይሻገረዋል። ክረምት ሲገባ ግን በቆላው ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ በደጋው የዘነመው ዝናም በድንገት ደራሽ ሆኖ ይመጣል። ያን ጊዜ ተማሪ ከትምህርት ቤት፥ ነጋዴ ከገበያ፥ በሽተኛ ከሐኪም፥ ለቀስተኛ ከለቅሶ ይቀራል። ልድፈር ያለ ደግሞ ከነጭነቱ ይወሰዳል። ይህን ለሽማግሎች መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

እንግዲህ በዚህ ቃል የሚነገረው ነገር ሁለት ነው። አንደኛው የቀድሞ ሰዎች በታላቁ ወንዝ በዐባይ ላይ ድልድይ እንዴት እንደ ሠሩ፥ ሁለተኛውም የተሠራው ድልድይ ጠባቂ ሲኖረውና ሳይኖረው ምን እንደሚሆን ነው።

ድልድይ የሌለው መንገድ ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ሲጓዙ ሴባስቶፖል የተባለውን ከባድ መድፍ ይዘው ነበር። በመንገዳቸው ላይ የጅጣና የበሽሎ ገደሎች ተደቅነው ነበሩ። ድልድይም መንገድም ስላልነበረ ሠራዊቱ ገደሉን እየፈለጠ፥ ዐለቱን እየሰበረ መንገድ ሠራ፤ ንጉሡም ራሳቸው በሥራው ከወታደሩ ጋራ ይደክሙ ነበር። መቅደላ የደረሱት ከአምስት ወር በላይ ተጕዘው በመጋቢት ነው። ጊዜውም በጋ ነበር፤ ወንዞቹ ሞልተው ቢሆኑ መድፉ ባልተሻገረም ነበር። ተራ መንገደኛ ደግሞ ዐባይንና ገባሮቹን በታንኳ ወይም በነፋስ የተነፋ አቍማዳ አቅፎ ይሻገር ነበር፤ ብዙ ሰውም በዚያ ቀርቷል።

በኢትዮጵያ ውስጥ በዐባይ ላይ የመጀመሪያው የድንጋይ ድልድይ የተሠራው በዐፄ ሱስንዮስ ትእዛዝ፥ በ1618 ዓ.ም. ገደማ ነው። ቦታው ከጢስ ዐባይ ፏፏቴ ጥቂት ዝቅ ብሎ፥ ወንዙ በዐለት መካከል ጠብቦ በሚያልፍበት ስፍራ ነው፤ የአላታ ድልድይም ይባላል። በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ የነበረው ፖርቱጋላዊው ካህን ማኑኤል ደ አልሜይዳ እንደ ጻፈው፥ ሥራው እንዲቻል ያደረገው በአላታ ወንዝ አጠገብ ለኖራ የሚሆን ድንጋይ መገኘቱ ነው፤ ሥራውንም የመራው ከጳጳሱ ከአፎንሶ ሜንዴስ ጋራ ከህንድ አገር የመጣ አንድ የእጅ ባለሙያ ነበር። ድንጋዩና ጕልበቱ ያገር ሲሆን የኖራው ጥበብ ከባሕር ማዶ መጣ ማለት ነው። ዛሬም ፏፏቴውን ለማየት የሚሄድ ሰው በዚያ ድልድይ ላይ ይሻገራል።

ኖራ ስለ ምን ይህን ያህል ሥራ እንደሚሠራ ለተማሪዎች ማስረዳት ቀላል ነው። በጭቃ የተገነባ ግምብ ዝናም ሲመታው ጭቃው ታጥቦ ይሄዳል፥ ድንጋዩም ይፈርሳል። የኖራ ድንጋይ ግን በእሳት ሲቃጠል በውስጡ ያለው አየር ይወጣል፤ የተቃጠለው ድንጋይ በውሃ ሲነከር ይፈላና ይላቁጣል፤ ከአሸዋ ጋራ ተቦክቶ በድንጋይ መካከል ሲገባ ደግሞ በእሳት ያጣውን ያን አየር ከነፋሱ እየመለሰ ቀስ በቀስ እንደ ገና ድንጋይ ይሆናል። በሕዝብ ዘንድ የቀድሞ ግንበኞች ኖራውን በእንቍላል ለውሰው ይሠሩ ነበር ይባላል። የጎንደር ግምቦችም ከዚህ ጥቂት ዘመን በኋላ የቆሙት በኖራ ነው።

ሁለተኛው ምስጢር ቅስቱ ነው። ድንጋይ ቢጫኑት ይችላል፤ ቢያጐብጡት ወይም ቢስቡት ግን ይሰበራል። ረጅም ድንጋይ እንደ ተራዳ በወንዝ ላይ ቢጋደም ከመካከሉ ይቈረጣል። ግንበኛው ግን ድንጋዮቹን አንድ ወገናቸውን ጠበብ፥ ሌላውን ሰፋ አድርጎ እየጠረበ፥ በእንጨት ደገፍ ላይ እንደ ግማሽ ቀለበት ይደረድራቸዋል። ከሁለቱም ወገን ተነሥቶ በመካከል የመጨረሻው ድንጋይ ሲገባ ደገፉ ይነሣል። ከዚያ በኋላ ከላይ የሚያልፈው ጭነት ድንጋዮቹን እርስ በርሳቸው ያጣብቃቸዋል፤ ግፊታቸውም ወደ ሁለቱ ዳርቻዎች ይሄዳል። ዳርቻው ዐለት በሆነበት በዐባይ ገደል ይህ ሥራ እጅግ ተስማሚ ነው። በቅስት ውስጥ ግን አንዱ ድንጋይ የሌላው ጠባቂ ነው፤ ጥቂቶቹ ቢወጡ የቀሩት ሁሉ ይከተላሉ።

ዐፄ ፋሲል ከ1624 እስከ 1660 ዓ.ም. ነገሡ። በአባታቸው ዘመን የተጀመረውን ሥራ አስፋፍተው በብዙ ወንዞች ላይ ድልድይ አሠሩ፤ ከእነዚህም በዐባይ ላይ በ1652 ዓ.ም. ገደማ የተሠራው፥ በሞጣ በኩል ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኘው አንዱ ነው። ይህ ድልድይ ብዙ ቅስት ያለው ነበር። ጨው የጫነ፥ ከብት የሚነዳ፥ ለንግሥ የሚሄድ፥ ዘመድ የሚጠይቅ ሁሉ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ተሻገረበት። ከብዙ ዘመንም በኋላ፥ በ1877 ዓ.ም. ገደማ፥ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሳሊምቤኒ በተባለ ኢጣልያዊ አማካይነት በተምጫ ወንዝ ላይ ድልድይ አሠሩ። በዐባይ ዙሪያ የድልድይ ሥራ በመሳፍንቱና በነገሥታቱ ዘንድ የተከበረ ሥራ ነበረ ማለት ይቻላል።

በሞጣ በኩል ያለው ድልድይ ዛሬ የሚጠራው ባሠሩት ንጉሥ ስም አይደለም፤ ሰባራ ድልድይ ይባላል። በጣልያን ወረራ ዘመን ከቅስቶቹ አንዱ ተቈረጠ። የጠላት ጦር እንዳይሻገር ተብሎ ነው ይባላል። ይህ ከሆነ የቈረጡት ሰዎች ሊነቀፉ አይገባም፤ አገር ለማዳን የተደረገ ነውና። ነገር ግን ጠላት በ1933 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ የተቈረጠውን የጠገነ አልነበረም። ቀሪዎቹ ቅስቶች ቆመው ሳሉ በመካከላቸው ባዶ ገደል ቀረ፤ ከሥሩም ዐባይ ይወርዳል።

ከዚያ በኋላ ያገሩ ሰው እንዴት እንደ ተሻገረ ማወቅ ይገባል። በወዲህ ጫፍ ጥቂት ጐልማሶች፥ በወዲያ ጫፍ ጥቂት ጐልማሶች ይቆማሉ፤ በመካከላቸው ገመድ ይወጠራል። ተሻጋሪው በገመድ ታስሮ በባዶው ላይ ይንጠለጠላል፤ እነርሱም እየሳቡ ያሻግሩታል። ወንዱም ሴቱም፥ እህሉም ጭነቱም በዚህ ዐይነት አለፈ። ይህ ሁሉ የሆነው ከስድሳ ዓመት በላይ ነው። በገመድ ለመሻገር የተማረ ልጅ አርጅቶ የልጅ ልጁን በዚያው ገመድ ሲያሻግር አየ ማለት ነው።

በመጨረሻ የዚህ አሻጋገር ሥዕል በአንድ የውጭ አገር መጽሔት ታትሞ ወጣ። ሥዕሉን ያየ ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ ለገጠር ሕዝብ ድልድይ የሚሠራ ማኅበር አቋቁሞ፥ በ1994 ዓ.ም. የተቈረጠው ስፍራ በብረት ተጋጥሞ ሰው በእግሩ ተሻገረ። ዳሩ ግን ጥቂት ዓመት ቆይቶ፥ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2005፥ ወንዙ ከልክ በላይ ሞልቶ ብረቱን ወሰደው። እንደ ገናም በ2009 በገመድ ብረት የተንጠለጠለ የእግር ድልድይ ተሠራ። ከባሕር ማዶ ያለ ሰው ሥዕል አይቶ እስኪመጣ ድረስ ስድሳ ዓመት መጠበቁ ማሰብ የሚገባ ነገር ነው።

አሁን ከዚህ ጋራ የሌላ አገር ወንዝ ማነጻጸር ይጠቅማል። የህንድ ታላቅ ወንዝ ጋንጅ ነው። ዐባይ በዐለት ገደል ታጥሮ ሲሄድ፥ ጋንጅ በሜዳ ላይ እንደ ልቡ ይሰፋል፤ ከሥሩም ዐለት የለም፥ ጥልቅ አሸዋና ደለል ነው። ስለ ዐባይ የተባለው፥ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል የሚለው ተረት፥ ለጋንጅ ይበልጥ ይስማማል፤ ጋንጅ ግንድ ብቻ ሳይሆን ራሱን ዳርቻውን ይዞ ይዞራልና።

በእንዲህ ያለ ወንዝ ላይ ድልድይ ለማቆም የህንድ ሠራተኞች ከጥንት የሚያውቁትን የጕድጓድ ውሃ አቆፋፈር ለድልድይ አዋሉት። በአሸዋው ላይ እንደ ክብ ጕድጓድ አድርገው በጡብ ግምብ ይገነባሉ፤ ከግምቡ ውስጥ አሸዋውን ሲያወጡ ግምቡ በራሱ ክብደት እየሰመጠ ይወርዳል፤ በላዩም እየገነቡ ይጨምሩበታል። እጅግ ጥልቅ ወርዶ ጎርፍ ሊቦረቡረው ከማይችልበት ሲደርስ ውስጡ ተሞልቶ የድልድዩ እግር ይሆናል። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1887 በቫራናሲ ከተማ አጠገብ የተከፈተው የብረት ድልድይ በታችኛው ደርብ ባቡር፥ በላይኛው ደርብ ሰውና ጋሪ የሚያሳልፍ ነው።

ከእነዚህ ድልድዮች ለዚህ ነገር ይልቁንም የሚጠቅመው በጋንጅ የታችኛው ክፍል፥ ፓድማ በሚባልበት ስፍራ፥ ዛሬ በባንግላዴሽ ግዛት ያለው የሃርዲንጅ የባቡር ድልድይ ነው። የተከፈተው በየካቲት 1907 ዓ.ም. ነው፤ ዐሥራ አምስት ታላላቅ የብረት ክፍሎች አሉት፤ ርዝመቱም ወደ 1 ኪሎ ሜትር ከ800 ሜትር ይጠጋል። መሐንዲሶቹ ወንዙ ድልድዩን ትቶ በሌላ በኩል እንዳይሄድ በሁለቱ ዳርቻዎች ታላላቅ የአፈርና የድንጋይ ክትር ሠሩለት። በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ በባንግላዴሽ የነጻነት ጦርነት ከዐሥራ አምስቱ ክፍሎች አንዱ በቦምብ ተመትቶ ወደ ወንዙ ወደቀ። ጦርነቱ አገሩን አደኽይቶት፥ ሕዝቡም ተሰዶ ነበር። ሆኖም ድልድዩ በጥቅምት 1965 ዓ.ም. ተጠግኖ ባቡር አለፈበት፤ ከዐሥር ወር ያህል በኋላ ማለት ነው።

እንግዲህ በሁለቱም ድልድዮች ጦርነት የሰበረው አንድ ክፍል ብቻ ነው። አንደኛው ዐሥር ወር፥ ሌላው ስድሳ ዓመት ጠበቀ። ልዩነቱ ከምን መጣ? በሃርዲንጅ ድልድይ ላይ የሚያልፈው ባቡር ያገሩ ሁሉ ንግድ ስለ ነበረ መንግሥት ሊተወው አይችልም፤ የጎረቤት አገርም ርዳታ ነበረው። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ሌላም ምክንያት አለ። ያ ድልድይ ባለቤት ነበረው። የባቡሩ መሥሪያ ቤት ልኩንና ንድፉን በመዝገብ ይዞ ነበር፤ እያንዳንዱ ክፍል በቍጥር ይታወቅ ነበር፤ በየዓመቱ የሚመረምሩት ሠራተኞች ነበሩ። ሲሰበር ምን እንደ ተሰበረ፥ ማን እንደሚጠግነው ለመጠየቅ ጊዜ አልጠፋም። የፋሲል ድልድይ ግን ያሠሩት ንጉሥ ካለፉ በኋላ የሁሉ ሆነ፤ የሁሉ የሆነም ነገር የማንም ሳይሆን ይቀራል።

ከዚያ ወዲህ በዐባይ ላይ ታላላቅ ድልድዮች ተሠርተዋል። በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ባለው ጥልቅ ገደል በ1940 ዓ.ም. ገደማ የተሠራው ድልድይ መኪና ሲያሳልፍ ኖረ፤ ከአጠገቡም በጃፓን መንግሥት ርዳታ 303 ሜትር የሚረዝመው የህዳሴ ድልድይ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማለቂያ፥ በጳጕሜን፥ ተከፈተ። በባሕር ዳር ደግሞ 380 ሜትር የሚረዝም ሰፊ ድልድይ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ተመረቀ። በሌላ በኩል በተከዜ ላይ ያለው ድልድይ በሰኔ 2013 ዓ.ም. በጦርነት ፈረሰ፤ በዚያን ጊዜ የርዳታ እህል የሚጠብቁ ሰዎች ምን ያህል እንደ ተቸገሩ የታወቀ ነው። ድልድይ በጦርነት ጊዜ መጀመሪያ የሚመታ፥ በሰላም ጊዜ መጨረሻ የሚታሰብ ሥራ ነው።

የባቡርም ነገር ለወልድያና ለሀብሩ ሰው እንግዳ አይደለም። ከጅቡቲ የተነሣው የመጀመሪያው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ በዐዋሽ ገደል ላይ የተሠራው የብረት ድልድይም የዚያ መንገድ ቍልፍ ነበረ። በ1969 ዓ.ም. በሶማልያ ጦርነት የባቡሩ ድልድዮች በተሰበሩ ጊዜ ባቡሩ ለብዙ ወራት ቆመ። ከዐዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ወልድያ አጠገብ እስካለው እስከ ሐራ ገበያ የሚደርሰው አዲስ ሐዲድ ሥራው በየካቲት 2007 ዓ.ም. ተጀመረ፤ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ጕዳት ደርሶበታል። ሰው ወንዝን በመሻገሪያው ይፈልጋል፤ በቅሎም ገደል ትዞራለች። ባቡር ግን ቍልቍለትና ዳገት ስለማይችል ወንዙ ባለበት ሁሉ ድልድይ ይሻል። ስለዚህ ሐዲድ በወሎ ተራራ ሥር ሲያልፍ ከድልድይ ወደ ድልድይ የሚሄድ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

እነዚህ ታላላቅ ድልድዮች መሐንዲስና መሥሪያ ቤት አላቸው። በየቀበሌው ያለው ትንሽ ድልድይ፥ ሕዝቡ ተሰብስቦ ድንጋይ ተሸክሞ ያሠራው፥ ጠባቂው ግን ማን ነው? ጠባቂው የሚሻገርበት ሕዝብ ካልሆነ ሌላ የለም። የጥበቃውም ሥራ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም፤ ማስተዋልን ግን ይጠይቃል።

አንደኛ፥ ድልድይን ከሁሉ ይልቅ የሚጥለው ከላይ ያለው ጭነት አይደለም፤ ከእግሩ ሥር የሚቦረቡረው ውሃ ነው። ስለዚህ ከድልድይ እግር አጠገብ አሸዋና ድንጋይ መዛቅ ድልድዩን በእጅ እንደ መግፋት ነው። ለቤት ሥራ አሸዋ የሚፈልግ ከድልድዩ ርቆ ይውሰድ፤ ይህንም ሽማግሎች በሸንጎ ቢደነግጉት ይከበራል።

ሁለተኛ፥ ደራሽ ይዞት የመጣ ግንድና ቍጥቋጦ በድልድዩ እግር ላይ ሲጠላለፍ እንደ ግድብ ሆኖ ውሃውን ያቆማል፤ የቆመውም ውሃ በሙሉ ኀይሉ ድልድዩን ይገፋል። ከእያንዳንዱ ታላቅ ጎርፍ በኋላ፥ ውሃው ሲጐድል፥ ይህ መነሣት አለበት።

ሦስተኛ፥ ከመንገዱ የሚወርደው የዝናም ውሃ በቦይ ካልተመራ ድልድዩ ከዳርቻው ጋራ የሚገናኝበትን አፈር ይሸረሽራል። ብዙ ድልድይ ራሱ ሳይሰበር መግቢያው ተቈርጦ በወንዝ መካከል ብቻውን ይቀራል። ቦዩን መጥረግና በዳርቻው ላይ ሥሩ የሚይዝ ሣርና ዛፍ መትከል ይህን ያስቀራል።

አራተኛ፥ ከግምቡ አንድ ድንጋይ ወይም ከብረቱ አንድ ብሎን የሚነቅል ሰው ለራሱ ጥቂት ጥቅም ሲያገኝ የመንደሩን ሁሉ መንገድ ይሸጣል። ሕጻናት ይህን በትምህርት ቤት ቢማሩ ሲያድጉ አያደርጉትም።

አምስተኛ፥ ለእያንዳንዱ ድልድይ መዝገብ ይኑረው። ይህ ለመምህራን የተተወ ሥራ ነው። ተማሪዎች የድልድዩን ርዝመትና ስፋት በሜትር ይለኩ፤ መቼ እንደ ተሠራና ማን ማን እንደ ደከመበት ሽማግሎችን ጠይቀው ይጻፉ፤ በየዓመቱ በሰኔ መጀመሪያና በመስከረም መጨረሻ ሄደው ስንጥቅ እንዳለ፥ እግሩም እንደ ተገለጠ አይተው ይመዝግቡ። በዚህ ሥራ ልጁ ሒሳብንም፥ ታሪክንም፥ ጽሕፈትንም አንድነት ይማራል። ጥገና በሚያስፈልግ ጊዜም መዝገቡን ለወረዳው መንገድ መሥሪያ ቤት ማቅረብ፥ ተሰበረብን ብሎ ከመጮኽ ይልቅ ይሰማል።

ከኖራ ድንጋይ መገኘት የተነሣ የዐባይ ድልድይ ተሠራ፤ ከጠባቂ ማጣት የተነሣ ደግሞ ሕዝብ ስድሳ ዓመት በገመድ ተንጠለጠለ። የሚሌና የአላውሃ ልጆች ግን ደብተራቸውን ይዘው በደረቅ እግራቸው ትምህርት ቤት እንዲገቡ ከተፈለገ፥ ድልድያቸው ሳይሰበር ስንጥቁን የሚያይ ዐይን፥ ያየውንም የሚጽፍ እጅ፥ የተጻፈውንም የሚያስፈጽም ሽማግሌ በየመንደሩ ሊኖር ይገባል።